የፒክአፕን ኋላ ማንሳት፦ የሚወራውና እውነታው

ከወገል ጤና ምስር ጭኜ ወደ ደሴ ስመለስ መንገድ ላይ መሸብኝ። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብዬ ፊቱን 5 ሴንቲ ሜትር አስነስቼ ኋላውን እንደነበረ ትቼው ነበር። 8 ኩንታል ሲያርፍበት ኋላው ቁጭ አለ፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ። አጭር መብራት አብርቼ ብነዳም ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን የለቀቅኩበት እየመሰለው መብራቱን ሲያርገበግብብኝ አመሸ። በማግሥቱ ኋላውንም ለማስነሳት ቆርጬ ምክር መሰብሰብ ጀመርኩ። ደሴ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ የመኪና ሊቅ አይጠፋም፤ የወሎ ሰው ደግሞ ምክሩን አይሰስትም። ከሰማሁት ግን ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱን ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ገንዘብ ከፍዬበት ነው።

«ኋላው ከፍ ያለው ለመልክ ነው፤ ፊቱን አንስቶ ቢያስተካክሉት ምንም አይጎድልም»

ባዶ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ለጭነቱ የተተወለት ነው፤ ኩንታሉ ሲያርፍበት ኋላው ይወርድና ከፊቱ ጋር ይስተካከላል። ፊቱን ብቻ ያስነሳ ሰው ለጭነት የተቀመጠውን ስንቅ አስቀድሞ በልቶታል። ባዶውን ሲያዩት ያምራል፣ ሲጫን ወደ ኋላ ይንጋለላል። ስለዚህ ፊቱ ከተነሳ ኋላውን ማስነሳት ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን ልክ አለው። በእኔ መኪና የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ለመሃል 3.08 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በዚህ ርቀት ላይ ኋላውን ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም) አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ይደፋዋል፤ ያን ጊዜ መሪው ከኩርባ ሲወጡ ራሱን ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩ ይደክማል። ፊቱ የተነሳውን ያህል ኋላውን ማንሳት የፋብሪካውን ዘንበልታ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን ሌላ ጣጣ መጥራት ነው። ልኬቱንም ከመሬት አትጀምሩ፤ የጎማው ንፋስ ያሳስታችኋል። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ፣ በአራቱም ጎማ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ይለካል። ሜዳማው ቆቦ ላይ ያለ ሰው በዚህ አይቸገርም። ደሴ ውስጥ ግን ደልዳላ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«ኋላው ከተነሳ ብዙ ይጭናል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በአክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ብረት) እና በባሌስትራው (መኪናውን በሚሸከሙት ተደራራቢ ንጣፍ ብረቶች) መካከል የሚገባው ታኮ፣ ማለትም የማስነሻ ድጋፍ፣ ለባሌስትራው ጥንካሬ አይጨምርለትም። በ8 ኩንታል ስንት ሴንቲ ሜትር ይወርድ ከነበረ ከታኮው በኋላም ያንኑ ይወርዳል፤ መውረድ የሚጀምረው ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ ብቻ ያልወረደ ይመስላል። ተጨማሪ ንጣፍ ብረት ቢገባ ባሌስትራው በእርግጥ ይጠነክራል። የመኪናውን አቅም የሚወስነው ግን ባሌስትራው ብቻ አይደለም። አክስሉ፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ እነሱ ደግሞ ኋላው መነሳቱን አልሰሙም።

የእንዲህ ዓይነት ፒክአፕ አቅም አንድ ቶን አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውም ሰው ይቆጠራል። አምስት ሰው እያንዳንዱ 65 ኪሎ ቢመዝን 325 ኪሎ ነው፤ ከሦስት ኩንታል ምስር ይበልጣል። ሰኞ ከባቲ ገበያ የሚመለሱትን መኪኖች ያየ ሰው ይህን ሂሳብ የሚሠራ እንደሌለ ያውቃል። ቀድሞ ኋላው ቁጭ ሲል «ይበቃል» እያለን ነበር። ስናነሳው ያ ተናጋሪ ዝም አለ፤ ሸክሙ ግን አለ።

«አሞርዛተር ቀይር፣ ይነሳል»

አይነሳም። የተለመደው አሞርዛተር የባሌስትራውን ዝላይ የሚያበርድ እንጂ መኪናውን የሚሸከም አይደለም። የአሞርዛተር ጉዳይ የሚመጣው ካነሳን በኋላ ነው። የድሮው አጭር ይሆንና ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ተዘርግቶ ያልቃል፤ ያን ጊዜ አክስሉን ተሸክሞ የሚንጠለጠለው እሱ ነው። ዘይት ያፈሳል ወይም ማሰሪያው ይሰበራል። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሻንሲውን በክሪክ አንስቶ፣ ድጋፍ አስገብቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ እስኪንጠለጠሉ ድረስ ማየት ነው። በዚያው የፍሬን ዘይት ቱቦው፣ የእጅ ፍሬን ገመዱና የዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ሆኖ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው) መተንፈሻ ቱቦ አለመወጠራቸውን ማየት ይቻላል። እነዚህን ሳያይ መኪናውን የሚያስረክብ ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም።

«ታኮ ታኮ ነው»

እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ለሥራው የሄድኩበት ጋራዥ የ5 ሴንቲ ሜትር ታኮ ስላላገኘ ባለ 3ቱን ከባለ 2ቱ ላይ ደርቦ አሰረልኝ። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። አንድ ቀን ከበሽሎ ሸለቆ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስወጣ ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ታኮዎቹ ተንሸራተው አክስሉ በግራ በኩል ወደ ኋላ ሸሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጎማውን ሲያዞር አክስሉ ራሱ በተቃራኒው ለመዞር ይታገላል፤ ፍሬን ሲያዝም እንዲሁ። ይህን ትግል የሚይዘው ባሌስትራው ነው። ታኮው በረዘመ ቁጥር ለዚህ ትግል ረዥም እጄታ ሆኖለት ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል። ሁለት ታኮ ሲደረብ ደግሞ መሃል ላይ የሚንሸራተት ገጽ ይጨመራል። ስለዚህ ታኮ ከተባለ አንድ ወጥ ብረት፣ ከታች ጉጥ ከላይ ቀዳዳ ያለው፣ በባሌስትራው የመሃል ብሎን ላይ በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት። እንጨት አይሆንም። ድርብ አይሆንም። በፊት አክስል ላይ ደግሞ ታኮ ከነጭራሹ አይታሰብም።

አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያቅፉት፣ ቅርጻቸው ፊደል «ሀ»ን የሚመስሉት ብሎኖችም አብረው ይቀየራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተወጥረው የኖሩ ናቸው፤ ተፈትተው እንደገና ሲታሰሩ የቀድሞውን ያህል አይጨብጡም። አዲሶቹም ቢሆኑ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዷቸው እንደገና መጥበቅ አለበት። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

«ከአይሱዙ ባሌስትራ አንድ ንጣፍ ጨምርበት»

የእኛ አገር ዘዴ ነው፤ ብልሃቱን አደንቃለሁ፣ ውጤቱን ግን አልወደውም። ለጭነት መኪና የተሠራ ብረት ከፒክአፑ ንጣፎች ጋር ጉብጠቱ አይገጥምም። ሸክሙን ለሁሉም ማካፈል ሲገባው አንድ ቦታ ላይ ይከምረዋል፤ የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ንጣፍ ነው። ባዶውን ሲነዳ ኮረኮንች መንገድ ላይ ኋላው እንደ ፍየል ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ከመንገዱ ይሸሻል። የተጨማሪ ንጣፍ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለመኪናው ልክ የተሠራውን መግዛት ነው። የደከመውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ በመዶሻ ማጉበጥም አይሠራም። የባሌስትራ ብረት ጠባዩን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ፣ በልክ ቀዝቅዞ ነው። በጋዝ ነበልባል ከነኩት ያ ጠባይ ይጠፋል፤ ወይ ይለሰልስና ይረግባል፣ ወይ ደርቆ ይሰበራል። መበየድም እንደዚያው ነው።

«ንዝረቱ የጎማ ባላንስ ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ኋላውን ካነሳችሁ በኋላ የመጣ ንዝረት ከሆነ ግን መጀመሪያ ጎሚስታ ዘንድ አትሂዱ። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቸራ፣ ማለትም የመስቀል ቅርጽ ያለው ተጣጣፊ መጋጠሚያ፣ አለው። ክሮቸራ አንግል ይዞ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሁለቱ ጫፎች ያለው አንግል እኩል ሲሆን አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ኋላው ሲነሳ ይህ እኩልነት ሊፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ከወሎ አራት ቅኝቶች ውስጥ የሌለ የራሱን ቅኝት ይጀምራል። ዘንጉ ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ መሃል ላይ ያለውን ኩሽኔታ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የብረት ሽብልቅ ማስገባት ይፈታዋል። ባሌስትራውን ከኋላ የሚያንጠለጥለውን ብረት በማስረዘም የሚያነሱ ሰዎችም ይህን አንግል ያዛባሉ። በዚያ ላይ ባሌስትራው አንድ ጫፉ ብቻ ስለሚወርድ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የረዘመ መንጠልጠያ መኪናውን የሚያነሳው ግማሹን ያህል ነው።

«ፍሬንና ባሌስትራ ምን አገናኛቸው?»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ይህን ልዩነት በእግሩ ያውቀዋል። ኋላውን ካስነሳሁ በኋላ ጭኜ የወረድኩ ጊዜ ከታች ለሻይ ስቆም አንድ ሽማግሌ የአይሱዙ ሹፌር ወደ ፊት ጎማዬ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ልጄ፣ ፍሬንህ ነዷል።»

«አባቴ፣ ሸራውን በቅርቡ ነው የቀየርኩት።»

«ሸራው አይደለም፤ ኋላህ አይዝም።»

ልክ ነበሩ። በብዙ የቆዩ ፒክአፖች ሻንሲው ላይ የፍሬን ግፊትን የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ በዘንግ ከኋላ አክስል ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ቫልቩ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ይቀንሳል። ኋላውን 5 ሴንቲ ሜትር ስናነሳ ቫልቩ ምንጊዜም ባዶ ነው ብሎ ያምናል። 8 ኩንታል ተጭኖ የኋላው ፍሬን ሲለግም የፊቱ ብቻውን ይሠራል፣ ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ይደክማል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ መኪናው በተነሳው ልክ ከፍ ማድረግ። ዘንጉን ወደ ላይ ጎትተው በሽቦ የሚያስሩ አሉ። ያ ደግሞ ሁልጊዜ ተጭኗል ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል፤ ባዶውን፣ በክረምት፣ በደሴ ጭጋግና እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ኋላው ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል። ግፊቱን በኮምፒውተር የሚመጥኑት አዳዲሶቹ መኪኖች ይህ ቫልቭ የላቸውም።

«መብራቱ ራሱ ይስተካከላል»

ፊትና ኋላው እኩል ቢነሳም መብራቱ ከፍ ብሏል። ከመብራቱ ጀርባ ባለው ማስተካከያ፣ የተለመደውን ጭነት ጭኖ፣ ግድግዳ ፊት አቁሞ ዝቅ ማድረግ ነው።

«ከተነሳ ድንጋይ አይነካውም»

የተነሳው ሻንሲውና ጋቢናው ነው። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ፣ አክስሉ ጎማው ላይ ነው፤ ባሌስትራ ቢነሳ ባይነሳ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የድንጋይ መጀመሪያ ሰለባ ደግሞ እሱ ነው። ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሹ። ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ላይ የጎማውን መጠን ከ265/70 ወደ 265/75 ብትቀይሩ የጎማው ቁመት 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 13 ሚሊ ሜትር ነው። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 83 አካባቢ እየሄደ ነው፤ ይህን መንገድ ዳር ለቆመ ትራፊክ ፖሊስ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።