«ከእነዚያ አቧራዎች እነዚህ ጭቃዎች»፦ የአንድ የስፓኒሽ ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጓሜ

ስፔናውያን የዛሬው መከራ ቀድሞ ከተሠራ ጥፋት መምጣቱን ሲናገሩ «ዴ አኬዮስ ፖልቦስ ቢዬኔን ኤስቶስ ሎዶስ» ይላሉ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ከእነዚያ አቧራዎች እነዚህ ጭቃዎች ይመጣሉ» ማለት ነው። ምስሉ የገጠር መንገድ ነው። በስፔን መሃል ባለው በካስቲያ አምባ በጋው ሞቃትና ደረቅ በመሆኑ መንገዱ አቧራ ይለብሳል፤ የመከሩ ዝናብ ሲወርድ ያ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አቧራ የእግረኛውን ጫማና የጋሪውን ጎማ ጨምድዶ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። የእኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ጥፋቱ ሳይደርስ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ጭቃው ውስጥ ከተገባ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ የሚነገር ነው።

የአነጋገሩ ጉልበት ያለው ከአቧራውና ከጭቃው ይልቅ በሁለቱ አመልካች ቃላት ላይ ነው። አማርኛ ቅርቡን «ይህ»፣ ሩቁን «ያ» ብሎ በሁለት ሲጨርሰው፣ ስፓኒሽ ሦስት ደረጃ አለው፦ «ኤስቴ» በተናጋሪው አጠገብ ላለ፣ «ኤሴ» በሰሚው አጠገብ ወይም እምብዛም ሳይርቅ ላለ፣ «አኬል» ደግሞ ከሁለቱም ለራቀ ነገር ይነገራል። የእነዚህ ብዙ ቁጥር እንደ ቅደም ተከተላቸው «ኤስቶስ»፣ «ኤሶስ» እና «አኬዮስ» ነው። ጊዜም እንደ ቦታ በእነዚሁ ቃላት ስለሚለካ፣ «አኬዮስ» አቧራው የተነሣበትን ዘመን ከተናጋሪውም ከሰሚውም ሲያርቀው፣ «ኤስቶስ» ጭቃውን እግራችን ሥር ያመጣዋል። በ«አኬዮስ» ቦታ «ኤሶስ» ቢገባ፣ ለእኔ ጆሮ አቧራው ወደ ሰሚው ይዞርና ንግግሩ ወደ ወቀሳ ያዘነብላል። በብዙ የላቲን አሜሪካ አካባቢዎች በዕለት ተዕለት ንግግር «ኤሴ» የ«አኬል»ን ቦታ እየወሰደ ቢሆንም፣ ምሳሌው የቀድሞውን ቃል እንደያዘ ነው።

የቃላቱ ምንጭ ላቲን ነው። «ኤስቴ» የመጣው ከ«ኢስቴ» ሲሆን፣ የሚያስገርመው ግን ይህ ቃል በላቲን «ያ አንተ ዘንድ ያለው» ማለት ነበር፤ «ይህ» የሚለውን ፍች ይዞ የኖረው «ሂክ» ቦታውን ሲለቅ «ኢስቴ» ከሰሚው ወደ ተናጋሪው ተሻገረ። የተለቀቀውን መካከለኛ ስፍራ «ራሱ» የሚል ፍች የነበረው «ኢፕሴ» ወርሶ «ኤሴ» ሆነ። «አኬል» ደግሞ «እነሆ» የሚል ቃል ከ«ኢሌ» ማለትም ከ«ያ» ጋር ተጣብቆ የተገኘ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ምሳሌውን በነጠላ ልበል ሲል በቀላሉ ይሳሳታል። የ«ኤስቶስ» ነጠላ «ኤስቶ» ይመስለውና «ኤስቶ ሎዶ» ይላል፤ ትክክሉ ግን «ኤስቴ ሎዶ» ነው። «ኤስቶ» ስሙ ላልተጠራ ነገር ወይም ለአንድ ጉዳይ በጠቅላላው የሚነገር በመሆኑ ከስም ፊት ከቶ አይገባም። የእኛ «ይህ» ብቻውንም ሆነ ከስም ጋር ሳይለወጥ ስለሚያገለግል ስሕተቱ አያስደንቅም።

አነጋገሩ ለፖለቲካና ለኢኮኖሚ ክርክር ይመቻል። ለምሳሌ በስፔን እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ በቀላል ብድር የተጋጋለው የቤት ግንባታ በ2008 ከተንኮታኮተ በኋላ፣ በ2013 ከአገሪቱ የሥራ ኃይል ከሩብ በላይ የሚሆነው ሥራ አጥ ነበር፤ ብድሩ «አኬዮስ ፖልቦስ»፣ ሥራ አጥነቱ «ኤስቶስ ሎዶስ» ይባላል። ብዙ ጊዜም ግሡ ይጣልና «ዴ አኬዮስ ፖልቦስ፣ ኤስቶስ ሎዶስ» ተብሎ ያበቃል፤ «ይመጣሉ» ባይባልም ሁለቱ አመልካቾች ብቻ መንገዱን ከዚያ እስከዚህ ያሳያሉ።