ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ዶሮዎቹ ግን ያስላሉ

“የደም ምርመራው ብዙ አንቲቦዲ ካሳየ መንጋው በቫይረስ አይታመምም።” ይህን ስሰማ አሁን አሁን ጥርሴን ያስነክሰኛል። አንድ አርቢ የላብራቶሪ ወረቀቱን ዘርግቶ “ዶክተር፣ ቁጥሩን እያየሽ!” ብሎ ሞግቶኛል። ማታ ዶሮ ቤቱ ገብተን መብራት አጠፋንና ዝም ብለን ቆምን። ከየጥጉ እርጥብ ማንኮራፋት ይሰማል። ወረቀቱ አልዋሸም። እንዲያውም ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ ቫይረሱ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ቫይረሱን የሚይዘው ከሴል ውጭ ሳለ ነው። ሴል ውስጥ ከተደበቀ በኋላ ሥራው ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይሆናል፤ የተያዘውን ሴል ከነቫይረሱ ይገድሉታል። የአየር ቧንቧን የሚያደማውን የዶሮ ኸርፒስ ቫይረስ ውሰዱ። ተመራማሪዎች አንቲቦዲ አምራቾቹ ቢ ሴሎች የሚበስሉበትን ከረጢት ከጫጩቶች አውጥተው ከተቡ። አንቲቦዲ ባይኖራቸውም በሽታውን ተቋቋሙት። የደም ምርመራው ግን ቲ ሴል አይቆጥርም።

ደግሞ ቫይረሱ የሚገባው በዓይንና በአፍንጫ እንጂ በደም ሥር አይደለም። ከዶሮ ዓይን ኳስ ጀርባ ሃርደሪያን የሚባል ዕጢ አለ፤ አንቲቦዲ በሚያመርቱ ሴሎች የተሞላ ነው፣ ምርቱም በእንባ ይወጣል። የፈንግል ክትባት በዓይን የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ። ጠብታው ዓይኗ ላይ ይረፍ፣ ታርገብግበው፣ ሲሰርግ እዩና ልቀቋት። ጉንጯ ላይ ከወረደ የከተባችሁት ላባ ነው።

“ያሳለች ዶሮ አንቲባዮቲክ ትፈልጋለች።” ቫይረሱን አይነካውም። የሚጠቅመው ተከትሎ ለሚገባው ባክቴሪያ ነው፣ ለምሳሌ ለኢ ኮላይ።

“የሚጎዳት ቫይረሱ ብቻ ነው።” በአደገኛው የወፍ ጉንፋን ልክ ያጣው የራሷ ሴሎች ምላሽም ይጎዳታል።

“የዶሮ መከላከያ እንደኛው ነው።” የሊምፍ ኖድ፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች የሚሰባሰቡበት ዕጢ፣ የላትም። ባክቴሪያ በሚውጠው ነጭ የደም ሴላችን፣ በኒውትሮፊል ቦታ፣ ያላት ሄትሮፊል ነው።

“ጉምቦሮ ከሳል ጋር ምን አገናኘው?” ብዙ ያገናኘዋል! የጉምቦሮ ቫይረስ ያንኑ የቢ ሴሎች ከረጢት ያወድማል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት የያዛት ጫጩት ሕመሙ ሳይታወቅባት ልታልፈው ትችላለች፤ በኋላ ግን የፈንግል ክትባት በደንብ አይይዝላትም። ክትባቱን “አይሠራም” ብላችሁ ከመርገማችሁ በፊት የሞተችውን ክፈቱና ከፊንጢጣዋ በላይ ያለችውን ከረጢት እዩ። በለጋ ዕድሜ ሙሽሽ ብላ ካገኛችኋት ጉምቦሮን ጠርጥሩ።