«አስተያየት እኮ ነው» አትበሉኝ፦ ስለ ዓምደኞችና የጥቅም ግጭት ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

የጋዜጣ ዓምደኞች የጥቅም ግጭት በተነሳ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፣ «አስተያየት እኮ ነው፣ ዜና አይደለም»። እዚህ ባህርዳር ብዙ አመት የአስተያየት ገጽ አርታኢ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ አሁን ደሞ ወጣት ጋዜጠኞችን አሰለጥናለሁ፣ መልሷን ከአንጋፋም ከጀማሪም ሰምቻታለሁ፣ ዘንድሮ ግን በጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዘው ከመጡ ልጆች አፍ ስትወጣ አናደደችኝ። ዙሪያዋን የሚዞሩ ሌሎች ስህተቶችም ስላሉ እነሱን ቶሎ ቶሎ ልበልና ወደሷ እመጣለሁ።

«የጥቅም ግጭት አለብህ ማለት ሌባ ነህ ማለት ነው» የሚለው አንዱ ነው። አይደለም። የጥቅም ግጭት የቆማችሁበት ቦታ ነው። ስለ አሳ ገበያ የሚጽፍ ሰው ሚስቱ አሳ የምታከፋፍል ከሆነ ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ ግጭቱ አለ፣ ማንም አልበደለም፣ በደሉ የሚጀምረው ያንን ደብቆ ሲጽፍ ነው። ሰው ይሄን ስለማይለይ ገና ስትጠይቁት «ስሜን አጠፋችሁት» ብሎ ይነሳል፣ በማግስቱ አስታራቂ ሽማግሌ ይላክባችኋል፣ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ይቀራል።

«እና ከምንጭ ጋር ቡና መጠጣትም ሊከለከል ነው?» ማንም አልከለከለም፣ ጠጡ።

«ይሄ የሀብታም ሀገር ጋዜጠኛ ጣጣ ነው፣ እኛ ምን አለንና።» አለን እንጂ። የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን የገዛ ጋዜጠኛ ስንቱ ነው? ደሞ እኛ ጋር ጥቅም በብር መልክ ብቻ አይመጣም፣ በማህበር ተደራጅቶ የቤት መስሪያ ቦታ የሚጠብቅ አለ፣ የክርስትና ልጁ አባት የቢሮ ኃላፊ የሆነ አለ፣ ከባለሀብቱ ጋር አንድ ጽዋ ማህበር የሚጠጣ አለ፣ ልጁን ስራ ያስቀጠሩለት አለ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል አይደል፣ ታዲያ ዓምደኛ ሲኮን ይሄ ሁሉ ከሰው ላይ ተነቅሎ ይወድቃል እንዴ?

«የሚከለክል ህግ የለም» የሚሉም አሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው የሚዲያ ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፣ ስለዚህ ተከፍሎበት ዓምድ መስሎ የሚወጣ ጽሁፍ «ስነምግባር ምናምን» ብቻ ሳይሆን ህግም ያለበት ነገር ነው። ሙያው ራሱ ያወጣውን ካያችሁ ደሞ የዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ቱኒዝ ላይ ያጸደቀው ቻርተር ጋዜጠኛ የጥቅም ግጭት ውስጥ የሚያስገባውን ሁኔታ እንዲያስወግድ፣ ከገባም እንዲወጣ፣ ስራውንም ከማስታወቂያና ከፕሮፓጋንዳ ጋር እንዳያቀላቅል ይላል። ዓምደኛን ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ የለበትም።

«ዝግጅት ስንዘግብ የሚሰጠን ብር ያለበት ፖስታ የትራንስፖርት ነው።» ይሄኛው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የጋዜጠኛ ደመወዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መስሪያ ቤታችሁ መኪና መድቦላችሁ፣ ውሎ አበል ከፍሏችሁ፣ የዝግጅቱ ባለቤት የህዝብ ግንኙነት ሰው ደግሞ በር ላይ አስፈርሞ ሌላ ሲሰጣችሁ ያ ትራንስፖርት አይደለም፣ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ ቡጨቃ ነው። ያጎረሰ እጅ እንዲነከስ የሚያጎርስ የለም። መስሪያ ቤቶች በቂ አበል መክፈል አለባቸው፣ ይሄን ለአለቆቻችን ሳልናገር ያለፍኩበት ስብሰባ የለም፣ ግን የአለቃ ስስት አንባቢን ለመሸጥ ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው። «አስተያየት እኮ ነው።»

ሰዎች ይሄን ሲሉ የሚሉት እንዲህ ነው፣ ዜና ገለልተኛ መሆን አለበት፣ ዓምደኛ ግን ወገን እንዲይዝ ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ጥቅም ቢኖረውስ ምን አለበት። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ዓምደኛ ወገን ይያዝ፣ ይቆጣ፣ ይሟገት፣ እኔ ራሴ ድርቅ ያለ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ጽሁፍ ሲመጣልኝ እመልስ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ነው የተበላሸው። እስቲ ሽምግልናን አስቡት። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ ሁለቱም የየራሳቸውን ሽማግሌ ይጠራሉ፣ የማን ሽማግሌ ማን እንደሆነ እዛ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፣ ለጠራው ሰው ቢያደላም ማንም አይገረምም። የመሀል ሽማግሌው ግን የአንዱ አማች ሆኖ ሳይናገር ከተቀመጠና ይሄ በኋላ ከታወቀ እርቁ ይፈርሳል፣ ቃሉ የቱን ያህል ትክክል ቢሆን እንኳ ይፈርሳል። አንባቢ ዓምደኛን የሚያነበው «ይሄ ሰው ነገሩን አይቶ፣ አውጥቶ አውርዶ በራሱ ጭንቅላት የደረሰበት ነው» ብሎ ነው። ዘጋቢ እኮ ቢያንስ ሶስት ሰው ይጠቅሳል፣ ሰነድ ያሳያል፣ አንባቢው ማመሳከር ይችላል። ዓምደኛ የሚያቀርበው የራሱን ፍርድ ነው፣ ያንን ፍርድ ምን እንደጎተተው አንባቢ ካላወቀ የሚመዝንበት ምንም ነገር የለውም። ስለዚህ ግዴታው ከዘጋቢው ይበዛል እንጂ አያንስም።

አንድ ጥሩ ዓምደኛ ነበረን፣ የሚነበብ ሰው፣ ጽሁፉ ሲቀር አንባቢ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅለት አይነት። ከጣና ዳር ምን ያህል ርቀት ለግንባታ ሳይሰጥ ይቆይ የሚለው ክርክር በጋለበት ሰሞን ተከታታይ ጽሁፎች ጻፈ፣ ርቀቱ ይጠር፣ ሎጅና ሪዞርት ይሰራ፣ ወጣቱ ስራ ያግኝ። በደንብ የተሰራ ነበር፣ ቁጥር አለው፣ ከሀዋሳ ጋር ያነጻጽራል፣ ደስ ብሎኝ አወጣሁት። ከዛ አንድ አንባቢ ጋዜጣውን በእጁ ይዞ ቢሮ መጣና የዓምደኛው ወንድም ሀይቁ ዳር ለሎጅ ቦታ ጠይቆ ውሳኔ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረን። ጠራሁት። አልካደም፣ በጣም ተረጋግቶ «እና? የጻፍኩት ውስጥ ውሸት አለ?» አለኝ።

ውሸት አልነበረም። መልሶ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ጽሁፎቹን ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኳቸው፣ አሁን ግን የሌለውን ነገር እየፈለግኩ። ደንገሉ ጽሁፎቹ ውስጥ የለም። የሀይቁ ዳር ረግረግ አሳው የሚራባበት፣ ወፉ የሚጠለልበት፣ ታንኳ የሚሰሩት ሰዎች ደንገል የሚያጭዱበት መሆኑ አንድ ቦታ አልተነሳም፣ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መመዝገቡ አልተነሳም፣ የከተማው ሰው ሀይቁን በአጥር መሀል አሾልኮ የሚያይበት ቦታ እየበዛ መሆኑ አልተነሳም። ይሄ ሰው እኮ ስለ ደንገል ከአመታት በፊት ራሱ ጽፎ ያውቃል፣ አያውቅም እንዳልል። ጥቅም ጽሁፍ ውስጥ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፣ ውሸት በማስጻፍ ሳይሆን የቱ ይነሳ የቱ ይቅር የሚለውን በመምረጥ፣ ብዙ ጊዜም ጸሐፊው ራሱ ሳያስተውለው። አርታኢም አይይዘውም፣ ያልተጻፈን ነገር በቀይ እስክሪብቶ ማስመር አይቻልም። በሚቀጥለው እትም ግንኙነቱን የሚገልጽ ማስታወሻ አወጣን፣ እሱም ተቆጥቶ መጻፍ አቆመ፣ እስካሁን ጊዮርጊስ ደጅ ስንገናኝ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ማስታወሻውን በማውጣቴ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

«እውነት ከሆነ ምን አለበት» ለሚሉ አንድ የአሜሪካ ጉዳይ ልንገራቸው። ፎስተር ዋይናንስ የሚባል ሰው በዎል ስትሪት ጆርናል የአክሲዮን ገበያ ዓምድ ይጽፍ ነበር፣ ዓምዱ ከመታመኑ የተነሳ ስሙ የተነሳ ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ሊንቀሳቀስ ይችል ነበር። እሱ ታዲያ ነገ ምን እንደሚወጣ ቀድሞ ለአንድ ደላላ ይነግረዋል፣ ደላላው ይገዛል ይሸጣል፣ በአራት ወር ውስጥ 690 ሺህ ዶላር ገደማ አተረፉ፣ ለዋይናንስና አብሮት ለሚኖረው ሰው የደረሳቸው ግን 31 ሺህ ገደማ ነው። ፍርድ ቤቱ የጽሁፎቹ ይዘት ለዚህ ትርፍ ሲባል ተለውጧል አላለም፣ እንደውም የዓምዱን ንጽህና እንዳይነኩ ተስማምተው ነበር። ይሄ አላዳነውም። በ1985 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማጭበርበር ጥፋቱን አጸናበት። እንግሊዝ ውስጥም የዴይሊ ሚረር ሁለት የአክሲዮን ዓምደኞች አስቀድመው የገዙትን አክሲዮን ለአንባቢ «ግዙ» ብለው ሲጽፉ ተደርሶባቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ተባረሩ፣ አንዱ በኋላ እስር ቤት ገብቷል።

የሚቀጥለው ማምለጫ «እኔ ድሮም የማምንበትን ነው የጻፍኩት» የሚለው ነው፣ ይሄኛው ቅን ሰዎችን ነው የሚይዘው። አርምስትሮንግ ዊሊያምስ የሚባለው አሜሪካዊ ዓምደኛ የሀገሩን መንግስት የትምህርት ፖሊሲ እንዲያስተዋውቅ ከትምህርት ሚኒስቴሩ የ240 ሺህ ዶላር ውል ተሰጥቶት እንደነበር በ2005 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የመለሰው ይሄንኑ ነው፣ የማምንበት ነገር ነው አለ። ዓምዱን ለጋዜጦች ያከፋፍል የነበረው ድርጅት ግን አሰናበተው። እዚሁ እኛ ጋር እምቦጭን ከጣና ለማጥፋት ለሚሰራ ድርጅት ብሮሸርና ሪፖርት በክፍያ እያዘጋጀ፣ ጋዜጣ ላይ ደግሞ የዛኑ ድርጅት ስራ እያወደሰ የሚጽፍ ልጅ ገጥሞኛል። ስለ እምቦጩ ከልቡ ያዝናል፣ አውቀዋለሁ፣ በእጅ ሲነቀል በዘመቻ ውሃ ውስጥ ገብቶ የነቀለ ልጅ ነው። ግን ድርጅቱ የተሳሳተ ቀን ያንን ይጽፈዋል ወይ? የሚቀጥለው ኮንትራት እየመጣ? ይሄን ስጠይቀው ዝም አለ፣ ከዛ ራሱ ከሁለቱ አንዱን መረጠ፣ ድርጅቱ ጋር ቀረ፣ ጋዜጣው ላይ ስለ ሌላ ነገር ይጽፋል። አከብረዋለሁ።

«ባህርዳር ትንሽ ከተማ ነው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል።» እዚሁ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤተሰብህ ያውቃል። ጋዜጣውን ፍኖተ ሰላም ሆኖ የሚያነበው መምህር በምን ያውቃል? ደብረታቦር ያለው? የሚያውቁት ወዳጆችህ ብቻ ናቸው፣ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ የማያውቁህ ናቸው።

የመጨረሻዋ፣ «ግንኙነቴን ግርጌ ላይ ከጻፍኩ ጨረስኩ»። ሁሌም አይደለም። ቀላል ግንኙነት ከሆነ ማስታወሻው ይበቃል፣ ለምሳሌ ድሮ የሰራህበት መስሪያ ቤት ከሆነ። የራስህ ገንዘብ ወይም የቤተሰብህ ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ ከሆነ ግን አትጻፈው፣ ለሌላ ሰው ስጠው፣ ምክንያቱም አንባቢ «ወንድሜ ባለድርሻ ነው» የሚለውን አንብቦ ከዛ ጽሁፉን ምን ያድርገው?

ማስታወሻ ስትጽፉም በደንብ ጻፉት። «ጸሐፊው ከጉዳዩ ጋር የተወሰነ ትስስር ሊኖረው ይችላል» የምትል ነገር ከመደበቅ አትለይም። «የጸሐፊው ወንድም በጣና ዳር ለሎጅ ግንባታ ቦታ ጠይቆ ውሳኔ በመጠበቅ ላይ ነው» በሉ፣ ማን፣ ምን፣ የት። ቢቻል ጽሁፉ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ግርጌውን ሰው አያነበውም። አርታኢ የሆናችሁ ደሞ ዓምደኛ ስትቀበሉ አንድ ገጽ ቅጽ አስሞሉ፣ ሌላ ስራ፣ አክሲዮን፣ የማማከር ውል፣ የፓርቲና የቦርድ አባልነት፣ የቅርብ ዘመድ ቢዝነስ፣ በየስድስት ወሩም አሳድሱት፣ ሲጠየቅ የሚቆጣውን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ጋዜጣው ራሱ ከቢሮዎችና ከባንኮች በሚመጣ የእንኳን አደረሳችሁ ማስታወቂያ የሚተዳደር ከሆነም ዓምደኛው ስለዛ ማስታወቂያ ሰጪ የጻፈው ሲቀነስበት ምክንያቱን በጽሁፍ ስጡት።

ዓምደኞች፣ ጥርጣሬ ካለባችሁ ሀሳቡ እንደመጣላችሁ ለአርታኢው ደውሉ፣ ሌይአውት አልቆ ገጹ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል አትናገሩ። አንባቢዎችም አንድ ዓምደኛ የሆነ ነገር እንደደበቀ ካወቃችሁ ፌስቡክ ላይ ከመሳደብ ለዋና አዘጋጁ በስማችሁ ጻፉ፣ የትኛው ጽሁፍ እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ፣ ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ በምን እንዳወቃችሁ ዘርዝሩ። ያ ጋዜጣ ይዞ ቢሮ የመጣው ሰው ያደረገው ይሄንን ነው፣ ማስታወሻውም የወጣው በሳምንቱ ነው።