የድሬዳዋ ከተማ ፕላን፦ ከባቡር ጣቢያው እስከ መልካ ጀብዱ

ድሬዳዋ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በተራራ ግርጌ ባለ ሞቃታማ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች ያደጉት በቤተ መንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በገበያ ዙሪያ ነው። መንገዱና ካርታው የመጣው ኋላ ነው። በድሬ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ቤቱ ሳይሠራ መሃንዲሱ መጣ።

በስሟ አመጣጥ ላይ ስምምነት የለም። ከኦሮምኛ ተነሥተው የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው የሚሉ አሉ። በሶማሊኛ ደግሞ ድር የተባለው የጎሳ አባት ጦሩን ከተከለበት ቦታ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ከባቡሩ በፊት ግን ሜዳው ሰው አልባ አልነበረም። አርብቶ አደሩ ያውቀዋል፣ ነጋዴውም ያልፍበታል።

አፄ ምኒልክ የባቡር መሥመሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን አስቸገረ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለነበር መሥመሩ ከተራራው ሥር አለፈ። ባቡሩ ሜዳው ላይ የደረሰው በ1895 ሲሆን ቦታው አዲስ ሐረር ተባለ። ስሙ አልቆየም። ሕዝቡ ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለከተማው ትልቅ ዕድል ነበር። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ድሬዳዋ የመሥመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። ከደጋ የሚወርደው ቡና እዚህ ባቡር ላይ ይጫናል፣ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይቀጥላል። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ኖረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ ድረስ ድሬ እግሯን ተክላ ነበር። የባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕም እዚሁ ቀረ።

በባቡር ጣቢያው በለገሃሩ ዙሪያ ያለውን ሰፈር፣ ከዚራን፣ ያየ ሰው የዚያን ጊዜ መሃንዲሶች ሥራ ዛሬም ያየዋል። ከለገሃሩ አደባባይ የሚነሡት መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው። ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው። በድሬ ሙቀት ጥላ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ከተማውን ከሚያቋርጠው ወንዝ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ አለ። ቃሉ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው። መጋላ በገበያው፣ በመስጊዱና በጠባብ መንገዱ ራሱን ችሎ ያደገ ሰፈር ነው። ከዚራ በፕላን፣ መጋላ ያለ ፕላን ተሠራ ይባላል። እኔ አልቀበለውም። መጋላ ውስጥ ጠባቡ መንገድ ጥላ ይሰጣል፣ ሱቁም ከቤቱ አይርቅም። ይህም ዕውቀት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዓመታት የሲሚንቶ ፋብሪካው ተተከለ። በደርግ ዘመን የተቋቋመው ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ደግሞ በአገሪቱ ላሉ ከተሞች ማስተር ፕላን ማዘጋጀት ሥራው ሆነ።

የድሬዳዋ ፕላን ሁልጊዜ የሚፈተነው በደቻቱ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይነግድበታል፣ መኪናም ያቋርጠዋል። ዝናቡ ግን የሚጥለው እዚያ ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ውሃው ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ለተፈናቃዮችም ቤት ተገነባ።

ጥፋቱን የወንዙን ዳር ይዘው በሠሩ ድሆች ላይ ብቻ መጣል ልክ አይመስለኝም። ርካሽ መሬት የሚገኘው እዚያ ነበር። ሌላም ነገር አለ። የደቻቱ ውሃ ከሚመጣባቸው ተራሮች ከፊሉ ከድሬዳዋ አስተዳደር ውጪ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ከተማዋ ብቻዋን ግንብ ብትገነባ፣ ላይ ያለው ተራራ ዛፍ ከሌለው ጎርፉ አይቆምም።

በ1996 በወጣው ቻርተር መሠረት ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። አስተዳደሩ ከከተማው ሌላ የገጠር አካባቢዎችም አሉት። በ1999 ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሲሆን ከነዚህ 233,224ቱ የከተማ ነዋሪ ነበሩ።

ከተማ እንዴት እንደሚያድግ የሚደነግገው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። በአዋጁ መሠረት ማዘጋጃ ቤት ያለው ወይም 2,000 ሰውና ከዚያ በላይ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጪ የሚሠራ ቦታ ሁሉ እንደ ከተማ ይቆጠራል። ከተማው የሚያድግበት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና መንገዶች፣ የመኖሪያና የኢንዱስትሪ ቦታዎች በመዋቅራዊ ፕላን ይወሰናሉ። ዝርዝሩ የሚወጣው በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ትንሽ ከተማ ፕላን የሚሠራ፣ መሬት የሚለካና የአፈሩን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ በደሞዝ ይዞ ማቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ አማካሪ ከውጭ ይፈልጋል። ፕላኑ እስኪመጣ ድረስ ግን ሰው አይጠብቅም። የጨረቃ ቤቱ ይሠራል፣ ኋላም መንገድ ሲወጣ ይፈርሳል።

ፕላኑ ከሰው ቀድሞ መምጣቱ ዛሬ በጣም የሚያስፈልገው ለመልካ ጀብዱ ነው። ከመሃል ከተማው ወጣ ብላ የነበረች አነስተኛ ከተማ ናት። አሁን የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሷ በኩል ነው። በ2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ለገሃሩን ትቶ ከመሃል ከተማው ርቆ ተሠራ። በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠናው ተመረቀ። ባቡር እንደ ድሮው ከተማውን ወደራሱ እየሳበ ነው።

ውሃው ሌላ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራም የመጣው ከዚያው ነው። ከዋነኞቹ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ሳቢያን የተባለው ሰፈር ውስጥ ናቸው። ሳቢያን ደግሞ ቤት በቤት ሆኗል። በየግቢው ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚነግረን የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነው። መልካ ጀብዱ ላይ ቦታ ከመመራቱ በፊት ይኸው ባለሙያ መጠራት አለበት።