ቀበሌው እንደ መማሪያ ክፍል፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት

ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የኮሌጅ ተማሪዎች ሙያቸውን በመማሪያ ክፍልና በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ቀበሌ ወይም ከተማ በሚታይ እውነተኛ ችግር ላይ እየሠሩ የሚማሩበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ከዚህ አሠራር ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሳው ጅማ ነው። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሐኪሞችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ከጅምሩ በዚህ መንገድ ለማሠልጠን ተነሳ። በ1999 ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ፍልስፍናውን ይዞት ገባ፤ «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል መልእክት ያለው መሪ ቃሉ የመጣው ከዚሁ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ግን ጅማን ይቀድማል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል በ1954 ሲከፈት አገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም፤ የአዲስ አበባው ሥራ የጀመረው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት በጋራ ያቆሙት ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ለየብቻ ተምረው አልተለያዩም። ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አብረው ወርደው አንዱ ሲያክም፣ ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል፣ ሦስተኛው የምንጩንና የመጸዳጃውን ነገር ሲመለከት በአንድ ቡድን መሥራትን ተለማመዱ። ሕፃኑን በተቅማጥ የጣለው ውኃ ካልታየ ሕፃኑ ድኖ ተመልሶ እንደሚታመም ያስተማራቸው ይህ አብሮ መውረድ ነው። ዛሬም በጅማና በጎንደር የሚሰጠው የቡድን ሥልጠና የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ታሪክ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆነው ዓመቱን አሳለፉ። ብዙ ወጣት አገሩን ያወቀበት ዓመት ስለ ነበር ዋጋውን ማሳነስ አይገባም። ይሁን እንጂ ተማሪው የሚሰጠው አገልግሎት ከሚወስደው ኮርስ ጋር እምብዛም አይገናኝም ነበር። የጅማን አሠራር የሚለየው የቀበሌው ሥራ ራሱ ኮርስ መሆኑ ነው፤ መምህር ይመደብለታል፣ ይገመገማል፣ ውጤት ይሰጥበታል።

በጅማ ሥርዓቱ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውና ሰፊው ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ነው፤ ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ወደ አንድ አካባቢ ይወጣሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሥራውን አንድ ደረጃ ወደፊት ይገፉታል። ሁለተኛው ተመራቂ ተማሪዎች ከተለያዩ የጤና ትምህርት ክፍሎች ተውጣጥተው እንደ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሸቤና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ተማሪ ለመመረቂያ የሚሠራው ጥናት ነው።

የነገሩ ልብ ያለው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ተማሪዎቹ የአካባቢውን ካርታ በእጃቸው ይሥላሉ፤ ቤቶችን ይቆጥራሉ፤ መጠይቅ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም በር ያንኳኳሉ። የምትጠጡትን ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? መጸዳጃ ቤት አላችሁ? ልጁ የትኞቹን ክትባቶች ወሰደ? ባለፈው ዓመት ቤታችሁ ውስጥ የሞተ ሰው አለ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አንዲትን እናት በደጃፏ ቆሞ መጠየቅ በየትኛውም መማሪያ ክፍል የማይገኝ ትምህርት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን ወረቀት ይዞ ለመጣ እንግዳ የቤቱን ገበና የማይዘረግፍ ሰው በቂ ምክንያት አለው፤ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ ለመርዳት አልመጣምና። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ካልቻለ ጥያቄውንም መልሱንም በአስተርጓሚ በኩል ነው የሚያገኘው፤ በመካከሉ የሚጠፋውን ነገር በራሱ ዓይን ያየዋል።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚመጣው ደረጃ ለእኔ ከሁሉ የላቀው ነው። ችግሮቹ ብዙ ናቸው፣ ጊዜውና ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ይቅደም? ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ችግር ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል። መመዘኛዎቹ የችግሩ ስፋት፣ የሚያስከትለው ጉዳት ክብደት፣ በአቅም ሊፈታ መቻሉ፣ የኅብረተሰቡ ትኩረትና የመንግሥት ትኩረት ናቸው። ነጥቡ ተደምሮ ከፍተኛውን ያገኘው ቅድሚያ ይይዛል። በመጽሐፍ ከባድ ተብሎ የተጻፈ በሽታ እዚያ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ያልተጨነቀለት የቆሻሻ ጉድጓድ ደግሞ የግማሹን ቀበሌ ልጆች እያሳመመ ይገኝ ይሆናል። «የኅብረተሰቡ ትኩረት» የሚለው መመዘኛ ባይኖር ወጣቱ ሐኪም የራሱን ፍላጎት የሕዝቡ አድርጎ ይጽፍ ነበር።

ቅድሚያው ከተለየ በኋላ የድርጊት መርሐ ግብር ይወጣል። መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ምንጭ ይጸዳል፣ የጤና ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዎቹ ገንዘብ ስለሌላቸው ከቀበሌው አስተዳደር፣ ከዕድር ዳኞች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። ሽማግሌ ማስተባበር እንደ ማንኛውም የሙያ ክህሎት የሚለመድ ነገር እንደሆነ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

በዓለም ደረጃ የዚህ ዘመድ የሆነው «በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት» በ1969 በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጀምሮ በ1974 ወደ ኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ተሻገረ። እዚያ ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀት በተጻፈ የአንድ ታማሚ ታሪክ ላይ ይወያያሉ፤ የማያውቁትን ለይተው በራሳቸው አንብበው ይመለሳሉ። መልካም ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ የወረቀቱ ታማሚ መልሱ ቀድሞ በመምህሩ ዶሴ ውስጥ አለ። የቀበሌውን መልስ ግን ተማሪውም መምህሩም አብረው ይፈልጉታል።

ሥርዓቱ ከጤና ውጭ ላሉ የጅማ ትምህርት ክፍሎችም ተዘርግቷል፤ የምሕንድስና፣ የግብርናና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም ወደ ኅብረተሰቡ ይወጣሉ። ለምርምርም በር ከፍቷል። ዩኒቨርሲቲው በ2005 በግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ግድብ ዙሪያ ቋሚ የመስክ ጥናት ጣቢያ አቁሞ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት መከታተል ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በግድቡ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚጠቁ ያሳዩት በዚሁ አካባቢ ባካሄዱት ጥናት ነው።

ድካሙም ሊነገር ይገባዋል። የተማሪው ቁጥር በዝቶ መኪናና መምህር ሳይበዛ ሲቀር የመስክ ሳምንታቱ ይጠባሉ፣ ክትትሉም ይላላል። ከዚህ የሚብሰው ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ የሆኑት ቀበሌዎች ደጋግመው መጠየቃቸው ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ መጥቶ ያንኑ መጸዳጃ ቤት ሲቆጥር ባለቤቲቱ «አምናም ጽፋችሁ ነበር፤ ምን ተገኘ?» ብላ ብትጠይቅ መልስ ይገባታል። የተማሪው ዓይን ውጤቱ ላይ ሲያርፍ ያማረ ሪፖርት ከተቆፈረ ጉድጓድ ይበልጥበታል፤ ምዘናውም ብዙ ጊዜ ወደዚያው ያደላል።

ሥርዓቱ ሲነደፍ ለዚህ ያስቀመጠው መፍትሔ አለ፦ ተማሪዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ያገኙትን ለነዋሪዎችና ለአስተዳደሩ በስብሰባ ማቅረብ፣ ተከታዩ ቡድንም ከባዶ ሳይሆን ካለፈው ሪፖርት መነሳት አለበት። ይህ የሚሳካው ግን ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሲቀር አይደለም። አንድ ቅጂ ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎችም መጀመሪያ እሱን ያንብቡ።