አማላይ ዝርዝር ምንድን ነው?

አንድ የድሬዳዋ የታሪክ መምህር «የባቡር ሐዲዱ ለምን ሐረር አልገባም?» የሚል ርዕስ ሊያስተምር ነው እንበል። ክፍሉ እንዲነቃለት በድሮው ባቡር ኮንትሮባንድ ስለሚያመላልሱ ሰዎች ያወራል። ፈታሽ ሲመጣ ዕቃው የት ይደበቅ እንደነበር ይተርካል። ተማሪው ይስቃል፣ ይጠይቃል። መምህሩ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው ምክንያት፣ ወደ ሐረር ወደሚያወጣው ዳገት ጉዳይ የሚገባው። ፈተና ላይ «ምክንያቱን አብራራ» ሲባል ግን ብዙው ልጅ የሚጽፈው ስለ ኮንትሮባንድ ነው።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በትምህርት ሥነ ልቦና አማላይ ዝርዝር ይባላል። ሰውን ይስባል፤ ዋናውን ሐሳብ ለመረዳት ግን አያስፈልግም። ሩት ጋርነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ነው ስያሜው የታወቀው።

ነገሩን በደንብ የፈተሹት ሻነን ሃርፕና ሪቻርድ ሜየር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ፣ መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጡ። የአንዳንዶቹ ጽሑፍ መብረቅ ስለመታቸው ሰዎች የሚያወሩ አስገራሚ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩበት። እነዚህን ያነበቡት ዋናውን ሂደት ያስታወሱት ባነሰ መጠን ነው። ያወቁትን ተጠቅመው አዲስ ጥያቄ መመለስም ከበዳቸው።

ለምን? ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ሐሳባቸው ስለተበታተነ ነው» የሚል ነው። እንደዚያ ቢሆን ዋናውን ነጥብ አድምቆ መጻፍ ወይም የትምህርቱን ዓላማ አስቀድሞ መንገር ይረዳ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ሞከሩ፤ አልረዳም። ለውጥ ያመጣው ቦታው ነው። አስገራሚው ነገር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ጎዳ፤ መጨረሻ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ቀነሰ። ከዚህ ተነስተው የሰጡት ማብራሪያ እኔን ያሳምነኛል። አንባቢ ገና ሲጀምር «ይሄ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ይወስናል፤ የቀረውን ሁሉ የሚረዳው በዚያ ዙሪያ ነው። ስለ ኮንትሮባንድ ነው ብሎ የጀመረ ልጅ ዳገቱን የት ያስቀምጠው?

የሚያሳዝነው፣ የባቡሩ ታሪክ በራሱ እጅግ ያምራል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱ ሐረር መድረስ ነበረበት። ያን ተራራ በሐዲድ መውጣት ግን ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ከግርጌው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡር ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። የሐረር ንግድም እያደር ወደ ቆላው ወረደ። አንዱ ሌላውን ወለደ። ተማሪው ይህን ሰንሰለት መያዝ አለበት፤ የኮንትሮባንዱ ወሬ ግን አንዱንም ቀለበት አይነካም።

ጉዳቱ በሁሉም ጥናት እኩል አልታየም፤ ጭራሽ ያላገኙትም አሉ። ደግሞ አንድ ወሬ ለዘላለሙ «አማላይ» ተብሎ አይፈረጅም። ርዕሱ የድንበር ንግድ ቢሆን ኖሮ ያው የኮንትሮባንድ ታሪክ የትምህርቱ ሥጋ ይሆን ነበር። ወሳኙ ዛሬ የምናስተምረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ መምህራን ጨዋታ ይተዉ አልልም፤ ደረቅ ትምህርት ማንንም አይዝም። ግን ምክንያቱን ራሱን የሚሸከም ጨዋታ ይፈለግ። ድሬዳዋ ውስጥ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረር ያልወጣ ልጅ ጥቂት ነው። «ሚኒባሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ለምን ያቃስታል? ሹፌሩስ ማርሽ ለምን ይቀይራል? በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ የብረት ጎማ ቢሆንስ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ የሚንጫጫው ግን ስለ ዳገቱ ነው። የኮንትሮባንዱ ወሬ፣ ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይድረስ።