ስለ ምድር ትልና ስለ ጉዝጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በጓሮው ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ጎመንና ቀይ ሥር የሚተክል ሰው ስለ ምድር ትልና ስለ ጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን ለመሸፈን ላዩ ላይ ስለሚነጠፍ ጭድና ቅጠል፣ ብዙ ምክር ይሰማል። ከምክሩ አንዳንዱ ግን አፈሩን ይጎዳል።

«ትል የችግኝ ሥር ይበላል።»
አይበላም። የምድር ትል ጥርስ የለውም፤ የሚመገበው የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ነው። ሌሊት የጎመን ችግኝ ከግንዱ ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል የሚባለው የእሳት ራት እጭ ነው። ጠዋት ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉት። ግራጫ፣ እግር ያለው፣ ሲነካ ጥቅልል የሚል ነገር ካገኛችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። የምድር ትል እግር የለውም፤ ቆዳውም እርጥብ ነው። በሌላው ጥፋት እሱን መግደል ያሳዝናል።

«ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ይሆናል።»
አይሆንም። የጭንቅላቱ ወገን ሊተርፍ ይችላል፤ የጅራቱ ወገን ይሞታል። መደቡን በየወቅቱ በዶማ መገልበጥ ትሉን ከመፍጀቱም በላይ ዝናብ ወደ ታች የሚሰርግበትን ቀዳዳ ያፈርሳል።

«ጉዝጓዝ አፈሩን ያፍናል፤ ናይትሮጅኑንም ይጨርሳል።»
ጭድ ከአፈር ጋር ተቆፍሮ ሲቀላቀል የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ለተክል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከሰብሉ ጋር ይሻማሉ። ላዩ ላይ ሲነጠፍ ግን ሽሚያው አፈሩን በሚነካው ስስ ገጽ ብቻ ይወሰናል። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ መድረቅ ይገድለዋል፤ የመጋቢትን ፀሐይ የሚመክትለትም ጉዝጓዙ ነው። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለምርጊት ስለሚፈለግ የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ፣ የሙዝ ቅጠል ወይም ፍሬ ያልያዘ አረም ይበቃል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ከግንዱም ትንሽ ይራቅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ይቅር፤ በውስጡ ያለው ነገር የሌላ ተክል እድገት ይገታል። ጥቁር ፕላስቲክም እርጥበት ቢይዝ እንኳ ለትሉ ምግብ አይሆንም፤ በበጋ ደግሞ አፈሩን ያግላል።

«በበጋ ትል ካልታየ አፈሩ ሞቷል።»
ወደ ታች ወርዶ፣ ተጠቅልሎ ዝናብ እየጠበቀ ይሆናል። ፍተሻው በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይሁን።

«ትል ገዝቶ መጨመር ያስፈልጋል።»
ለኮምፖስት የሚሸጠው ቀይ ትል ኑሮው በፍግና በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ስለሆነ ተራ አፈር አይስማማውም። እሱን በሣጥን አርብቶ ኮምፖስቱን ወደ መደቡ ማምጣት ይሻላል። የመደቡ ሥር በሲሚንቶ ወይም በፕላስቲክ እስካልተዘጋ ድረስ የአካባቢው ትል ምግብና እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ይመጣል። የቡና አተላ በልኩ ይስማማዋል፤ ጨው ያለው የወጥ ትራፊ ግን ይጎዳዋል።

«ትል ካለ ኖራ አያስፈልግም።»
ለጎጃም ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ብዙው የደጋው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ኖራ የሚጨመረውም ይህን አሲድ ለመቀነስ ነው። አሲድ ሲበዛ ደግሞ ትሉ ራሱ ይሸሻል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 በታች በሆነ አፈር የሚኖሩት ዝርያዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ማስመርመር፣ የኖራውንም መጠን በውጤቱ መወሰን ይገባል። ኩበት ሆኖ ከሚነደው እበት ጥቂቱ ለመደቡ ቢተርፍ ደግሞ ትሉ ምግብ ያገኛል። ኖራው ገና መደቡ ሲሠራ፣ ጉዝጓዙ ሳይነጠፍ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል፤ በጉዝጓዝ ላይ የተበተነ ኖራ ሥሩ ድረስ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።